ስሙን ተዉትና መንደሩን ፈልጉ፦ የጀርመን የቤተሰብ ስም እንዴት ይጠናል?

ጀርመን ውስጥ በብዛት የሚገኘው የቤተሰብ ስም ሙለር ነው። ባለወፍጮ ማለት ነው። በድሮ ጊዜ ወንዝ ባለበት ሁሉ ወፍጮ ነበር፤ ወፍጮ ባለበት ሁሉ ደግሞ አንድ ሙለር አይጠፋም። ስለዚህ ሚኒሶታ የሚኖር አንድ ሙለር ተነስቶ «ቅድመ አያቶቼ ከየት ናቸው?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ስሙ ብቻውን የሚሰጠው መልስ «ጀርመንኛ ከሚነገርበት ቦታ ሁሉ» የሚል ነው። ይሄ ደግሞ መልስ አይባልም።

ብዙ ሰው ግን ፍለጋውን የሚጀምረው ከዚሁ ነው። ኢንተርኔት ላይ የስሙን ትርጉም ያያል፣ የሆነ ሻጭ ጋሻና አንበሳ ያለበት «የቤተሰብ ዓርማ» ያቀርብለታል፣ ገዝቶ ሳሎን ይሰቅላል። ዓርማ ግን የአንድ የተወሰነ የዘር ሐረግ እንጂ የስም ንብረት አይደለም። ሁለት ሙለሮች ምንም ዝምድና ላይኖራቸው ይችላል፤ አንዱ ዓርማ ቢኖረው ሌላውን አይመለከተውም። በአጭሩ ገንዘባችሁን አትጣሉ።

ነገሩ ለእኛ ትንሽ እንግዳ ነው። እኛ ጋ ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚወርድ የቤተሰብ ስም የለም። ልጅ ያባቱን ስም ይይዛል፣ የልጅ ልጅ ደግሞ የራሱን አባት፤ ሰባት ቤት የሚቆጥር ሽማግሌ የሚፈለገውም ለዚህ ነው። ጀርመኖችም እስከ 12ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ በአንድ ስም ብቻ ነበር የሚጠሩት (እዚህ ያለው ዘመን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው)። ከተሞች ሲያድጉ፣ ግብር ሰብሳቢና ዳኛ ሁሉን ነገር ወረቀት ላይ ማስፈር ሲጀምሩ፣ አንድ ሰፈር ውስጥ አሥር ዮሐንስ ሲገኝ መለያ ግድ ሆነ። አንዱ በሥራው ተጠራ፤ አንጥረኛው ሽሚት፣ ልብስ ሰፊው ሽናይደር፣ ሸማኔው ቬበር ተባለ። ሌላው በመጣበት አገር ባየር ወይም ሄስ፣ ሌላው በመልኩ፣ ጸጉሩ ከርዳዳ ከሆነ ክራውስ፣ ሌላው ባባቱ ስም ፔተርሰን ተባለ። ልማዱ ከደቡብና ከምዕራብ ከተሞች ተነስቶ ቀስ እያለ ወደ ሰሜንና ወደ ገጠር ዘለቀ።

ሁሉም ግን እኩል አልተቀበለውም። በሰሜን ባሕር ዳር፣ ኦስትፍሪስላንድ በሚባለው አካባቢ፣ እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ ስም እንደኛው ባባት ነበር የሚሄደው። ያን የተባለው ሰው ልጁን ሂንሪክ ቢለው፣ ልጁ ሂንሪክ ያንሰን ይባላል፤ የዚያ ልጅ ደግሞ ያን ሂንሪክስ። ይሄንን ያስቆመው ናፖሊዮን ነው፤ አካባቢውን ይዞ በነበረበት በ1811 ሁሉም ሰው ቋሚ ስም ይያዝ ብሎ አዘዘ። ሽሌስቪግ ውስጥ ተመሳሳይ ትእዛዝ ቀደም ብሎ በ1771 ወጥቶ ነበር። አይሁዶችም ቋሚ የቤተሰብ ስም እንዲይዙ የተገደዱት ዘግይተው ነው፤ በሀብስቡርግ ግዛት በ1787፣ በፕሩሺያ በ1812። እና ቅድመ አያታችሁ ኦስትፍሪስላንዳዊ ከሆነ፣ ከ1811 በፊት «ያንሰን» የሚል ስም ተከትላችሁ ወደ ኋላ ብትሄዱ በየትውልዱ ስሙ ይቀየርባችኋል። እንደኛው አገር አባት በአባት መቁጠር ነው የሚያዋጣው።

ከዚህ የባሰ ራስ የሚያዞር ቦታም አለ። በሰሜን ምዕራብ ጀርመን ባለው በቬስትፋሊያ ስሙ የሰው ሳይሆን የእርሻው ነበር ማለት ይቻላል። አንድ ወንድ ርስት ወራሽ የሆነች ሴት አግብቶ እርሻዋ ላይ ሲገባ የራሱን ስም ትቶ የእርሻውን ስም ይይዛል። ሚስቱ ብትሞትና እሱ ሌላ እርሻ ላይ ሌላ ሴት ቢያገባ ደግሞ እንደገና ይቀየራል። ስለዚህ የአንድ አባት ልጆች፣ ከአንድ አልጋ የተወለዱት ሳይቀሩ፣ በተለያየ ስም ተመዝግበው ይገኛሉ። ቄሱ አንዳንዴ አዝኖላችሁ «ሽሚት፣ ሹልተ የሚባለው» ብሎ ሁለቱንም ይጽፋል። አንዳንዴ ግን አይጽፍም፤ ያኔ አንድ ሰው መዝገብ ላይ ሳይሞት ይጠፋል፣ ሌላው ደግሞ ሳይወለድ ይገኛል።

የተማሩት ሰዎች የሠሩትንም ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ምሁር ነኝ የሚል ሰው ስሙን ወደ ላቲን ወይም ወደ ግሪክ ማዞር ፋሽን ነበር። የሉተር ወዳጅ ፊሊፕ ሜላንክቶን ሲወለድ ሽቫርትስኤርት ነበር፤ ጥቁር አፈር የሚለውን ወደ ግሪክ ገለበጠው። የባለቅኔው የጎተ እናት የዘር ስም ቴክስቶር ከላይ ካየነው ቬበር ሌላ አይደለም። በካቶሊክ መዝገብ ላይ ደግሞ ቄሱ ራሱ ሙለርን ሞሊቶር፣ ሽሚትን ፋበር ብሎ ሊጽፈው ይችላል፤ ሰውየው ላቲን የሚባል ነገር መኖሩንም ላያውቅ ይችላል።

አሁን ወደ አጻጻፍ እንምጣ፣ ምክንያቱም ጀማሪ ሁሉ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። «የእኛ ቤተሰብ ማየር በ«ai» እንጂ በ«ey» አይጻፍም፣ ስለዚህ እነዚያ የእኛ አይደሉም» የሚል ሰው ታገኛላችሁ። ኧረ ተዉ! ማየር የሚለው ስም በላቲን ፊደል ቢያንስ በአራት ዓይነት ይጻፋል፤ አንዱ ቄስ አባትየውን በአንዱ፣ ልጁን በሌላው ጽፎት ይሆናል። ገበሬው አብዛኛውን ጊዜ መጻፍ አይችልም ነበር። ጸሐፊው የሚጽፈው የሰማውን ነው፤ የሚሰማው ደግሞ በአካባቢው አነጋገር ነው። በብዙ የደቡብና የመካከለኛው ጀርመን ዘዬዎች ውስጥ ት እና ድ፣ ፕ እና ብ፣ ክ እና ግ አይለዩም። ስለዚህ ስም ስትፈልጉ በዓይን ሳይሆን በጆሮ ፈልጉ። ሌላም አለ፦ በድሮ መዝገብ ላይ የሴት ስም መጨረሻ ላይ «ኢን» ይጨመራል። ሙለሪን የምትባለው ሴት የሙለር ልጅ ወይም ሚስት ናት።

ባሕር ሲሻገር ይሄ ሁሉ ይብሳል። ፔንሲልቬኒያ በ1727 አንድ ደንብ አወጣች፤ ፊላዴልፊያ ወደብ የሚደርሱ ከ16 ዓመት በላይ የሆኑ የውጭ አገር ወንዶች ለእንግሊዝ ንጉሥ ታማኝነታቸውን ይማሉ ተባለ። ለዚህ ሲባል የተዘጋጁት ዝርዝሮች ዛሬም አሉ፣ ታትመዋልም። ደስ የሚለው ነገር፣ የመርከቡ አዛዥ ያስጻፈው ዝርዝርና መሐላ ፈጻሚው በእጁ የፈረመው ዝርዝር ጎን ለጎን መገኘታቸው ነው። የመጀመሪያው እንግሊዝኛ ጆሮ የሰማውን ያሳያችኋል፤ ሁለተኛው ሰውየው ራሱ ስሙን እንዴት ይጽፍ እንደነበር። መጻፍ የማይችለው ደግሞ ምልክት ያደርግና ጸሐፊው አጠገቡ ስሙን ይሞላለታል። የሚያሳዝነው፣ ከየትኛው መንደር እንደመጣ አይናገርም።

በዚህ መንገድ ከመጡት አንዱ ሃንስ ኒኮላውስ አይዘንሃወር ነው። ዛሬ ዛርላንድ በሚባለው ክልል ካለች ካርልስብሩን ከምትባል መንደር ተነስቶ በ1741 ፔንሲልቬኒያ ገባ። ስሙ ብረት ከመቁረጥ ሥራ የመጣ ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ጎረቤትና ጸሐፊ ስሙን በራሳቸው አጻጻፍ እየጻፉት ቆይቶ በላቲን ፊደል Eisenhauer የነበረው Eisenhower ሆነ፤ የዘር ልጁ ድዋይት አይዘንሃወር በዚያ ስም የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ሆነ። የፕሬዚዳንት ሁቨር ቅድመ አያትም ሁበር ነበሩ። ሮክፌለር የሚለው ስም ደግሞ ሮክንፌለር ነበር፤ ኖይቪድ አጠገብ ሮክንፌልድ የምትባል፣ ዛሬ ሰው የማይኖርባት መንደር አለች፣ ከዚያች የመጣ ማለት ነው። ይሄ ዓይነቱ ስም ዕድለኛ ነው። ስሙ ራሱ ትንሽ መንደር ሲጠቁም ፍለጋው ይቀላል፤ ሙለርና ሽሚት ይህ ዕድል የላቸውም።

መሀል ላይ አንድ የማይሞት ወሬ አለ፦ «ስማችንን የቀየሩት ኤሊስ ደሴት ላይ ያሉት ሠራተኞች ናቸው።» እውነት አይደለም። ኤሊስ ደሴት የተከፈተው በ1892 ነው፤ አብዛኛው ጀርመናዊ ስደተኛ ከዚያ በፊት ገብቷል። ተቆጣጣሪዎቹም ስም አይጽፉም ነበር። መርከቡ ከመነሻው ወደብ ይዞት የመጣውን ዝርዝር እያዩ ነው ሰዉን የሚጠይቁት። ስሙን የቀየረው ብዙ ጊዜ ሰውየው ራሱ ነው፤ ሥራ ለማግኘት፣ አስተማሪው እንዳይቸገር፣ ወይም በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጀርመን መምሰል ጣጣ ስለነበረው።

የቤተሰብ ወሬን በጥርጣሬ መያዝ ለምን እንደሚያስፈልግ ከትራምፕ ቤት የተሻለ ምሳሌ የለም። ለብዙ ዓመታት ቤተሰቡ ዘራችን ከስዊድን ነው ይል ነበር። መዝገቡ የሚለው ሌላ ነው። የፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ አያት ፍሪድሪክ ትራምፕ በ1869 ካልሽታት በምትባል፣ ወይን በምታመርት የፋልስ (በደቡብ ምዕራብ ጀርመን ያለ አካባቢ) መንደር ተወለደ። በ16 ዓመቱ፣ በጥቅምት 1885፣ ከብሬመን በመርከብ ተሳፍሮ ኒውዮርክ ገባ፣ ቀድማው እዚያ ወዳለችው እህቱ ዘንድ። በወርቅ ፍለጋው ዘመን ሰሜን ምዕራብ ሄዶ በምግብ ቤትና በማደሪያ ሥራ ገንዘብ ያዘ፣ ተመልሶ ከዚያችው መንደር ልጅ አገባ፣ በ1904 ጠቅልሎ አገሩ ሊኖር ሞከረ። መንግሥት ግን ያለ ፈቃድ የሄድከው ወታደርነት ላለማገልገል ነው አለው፣ በ1905 ከአገር እንዲወጣ አዘዘው። ለባየር (ባቫሪያ) መስፍን ያቀረበው አቤቱታ ሳይቀር መዝገብ ቤት ውስጥ ተገኝቷል። ለምን ለባየር ትሉ ይሆናል፤ ፋልስ ያኔ የባየር ግዛት ነበር። የዛሬውን ካርታ ይዞ የድሮ መዝገብ መፈለግ የትም አያደርስም። ከዚያችው ከካልሽታት የኬቻፑ የሄንዝ አባትም ነው የሄደው፤ የአባትየው እናት ደግሞ የትራምፕ ቤት ልጅ ነበረች። በትንሽ መንደር ውስጥ ሁሉም ከሁሉም ጋር ይዛመዳል።

እንግዲህ ሥራው እንዴት ይሠራል? ከራስ ተነስቶ ወደ ኋላ ነው። ከጀርመን አይጀመርም፣ ከቤት ነው የሚጀመረው። የአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ ስለ ትውልድ ቦታ «ጀርመን»፣ ቢበዛ «ፕሩሺያ» ወይም «ባየር» ብሎ ነው የሚያልፈው። ይሄ ለፍለጋ አይበቃም። መንደሩ የሚገኘው በማይጠበቅ ቦታ ነው፦ መቃብር ድንጋይ ላይ፣ በጀርመንኛ በሚታተም የአሜሪካ ጋዜጣ የሞት ማስታወቂያ ላይ፣ ከ1906 በኋላ በተሞላ የዜግነት ማመልከቻ ላይ። ከሁሉም በላይ ግን ስደተኞቹ አሜሪካ ውስጥ ያቋቋሙት የጀርመንኛ ቤተ ክርስቲያን መዝገብ ነው። ቄሱ ራሱ ከዚያው አገር ስለሆነ የመንደሩን ስም ያውቀዋል፤ ሲያጋባም ሲቀብርም አሳምሮ ይጽፈዋል። የእናንተ ሰው ላይ ካልጻፈ የወንድሙን፣ የክርስትና አባቱን፣ የጎረቤቱን እዩ። ሰው ብቻውን አይሰደድም ነበር፤ አንዱ ይሄዳል፣ ደብዳቤ ይጽፋል፣ ሌላው ይከተላል፣ በመጨረሻ የአንድ መንደር ሰው ሁሉ ኦሃዮ ውስጥ አንድ መንገድ ላይ ሰፍሮ ይገኛል።

የሄዱበትን ምክንያት ማወቅም መቼና ከየት እንደሚፈለግ ይጠቁማል። በ1709 ክረምቱ አጥንት የሚሰብር ስለነበር ከፋልስና ከአካባቢው ብዙ ሺህ ሰው ለንደን ገባ፤ ከፊሉም ከዚያ ወደ ኒውዮርክ ተላከ። በ1816 የታምቦራ እሳተ ገሞራ አመድ በጋውን አጥፍቶት በሚቀጥለው ዓመት ከቩርተምበርግና ከባደን ሰው ጎረፈ። በደቡብ ምዕራብ ርስት ለልጆች ሁሉ እኩል ይከፋፈል ስለነበር ከሦስት ትውልድ በኋላ የቀረው መሬት ቤተሰብ አይቀልብም ነበር። በ1840ዎቹ ድንች ታመመ። በአጠቃላይ ከ1820 እስከ አንደኛው የዓለም ጦርነት ከአምስት ሚሊዮን በላይ ጀርመናዊ አሜሪካ ገብቷል፤ ከፍተኛው ዓመት 1882 ነው፣ 250 ሺህ ገደማ። ሁሉም ደግሞ አሜሪካ አልሄደም። ካትሪን ሁለተኛዋ በ1763 ጠርታቸው ቮልጋ ዳር የሰፈሩ አሉ፤ የልጅ ልጆቻቸው ከመቶ ዓመት በላይ ቆይተው ካንሳስና ነብራስካ ሲገቡ ወረቀታቸው «ሩሲያ» ይላል። በ1824 ብራዚል ሳን ሌዎፖልዶ የገቡም አሉ።

ስለ ወደብ ዝርዝር ሳወራ ትንሽ ልናደድ ፍቀዱልኝ። ከሐምቡርግ የተነሳ ሰው ዕድለኛ ነው፤ ከ1850 እስከ 1934 ያለው የተሳፋሪ ዝርዝር ከሞላ ጎደል ሙሉውን አለ፣ የመጣበትንም ቦታ ይጠቅሳል። ከብሬመን በኩል ግን ከዚያ የበለጠ ሕዝብ ሄዶ ሳለ፣ ቢሮው ቦታ ጠበበኝ ብሎ አሮጌ ዝርዝሮቹን እያስወገደ ኖረ፤ የተረፈውም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጠፋ። ዛሬ ያለው በአብዛኛው ከ1920 በኋላ ያለው ብቻ ነው። ቦታ ጠበበኝ! ለማንኛውም በብሬመን የሄደ ሰው ካላችሁ ተስፋችሁ ከሄደበት ወገን ያለው መዝገብና ከመነሻው የተሰጠው የመውጫ ፈቃድ ነው። ሕጋዊ ስደተኛ ከመሄዱ በፊት ለአስተዳደሩ ያመለክታል፣ ዕዳ ያለበት ካለ ይምጣ ተብሎ ጋዜጣ ላይ ይወጣል፣ ፋይል ይከፈትለታል። ሌሊት የጠፋውም ቢሆን በወታደርነት ከሚፈለጉት ስም ዝርዝር ውስጥ ይገኛል።

መንደሩ አንዴ ከተገኘ ሥራው መልኩን ይቀይራል። መላው ጀርመን ውስጥ የመንግሥት የልደትና የሞት ምዝገባ የጀመረው በ1876 ነው፤ ፕሩሺያ በ1874 ቀደመች፣ ከራይን ወንዝ በስተግራ ያለው አካባቢ ደግሞ በፈረንሳዮች ምክንያት ከ1798 ጀምሮ አለው። ከዚያ በፊት ያለው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ነው። የፕሮቴስታንት መዝገቦች ብዙዎቹ አርኺዮን በሚባለው ድረ ገጽ በክፍያ ይታያሉ፣ የካቶሊኩ ብዙው ማትሪኩላ ላይ በነጻ ነው። አንዳንድ መንደር ደግሞ አንድ ትጉህ ጡረተኛ ዕድሜውን ሰጥቶ የመንደሩን ቤተሰብ ሁሉ ከመዝገብ ለቅሞ ያሳተመው መጽሐፍ አለው። እሱን ካገኛችሁ የብዙ ወር ድካም ይቀርላችኋል።

ገጹን ስትከፍቱት የሚያጋጥማችሁ ኩረንት የሚባል የእጅ ጽሑፍ ነው፤ የዛሬ ጀርመኖችም አብዛኞቹ አያነቡትም። ሁለት ሦስት ፊደል ሁሉም ሾጣጣ ሰረዝ ይመስላል። ግን አንድ የጥምቀት መዝገብ ይዘቱ የታወቀ ስለሆነ ቅርጹን መልመድ ነው፦ ቀን፣ ሕፃኑ፣ አባትና ሥራው፣ እናትና የአባቷ ቤት ስም፣ የክርስትና አባትና እናት። የሕፃኑ ስም አጠገብ መስቀል ካያችሁ ሞቷል ማለት ነው፤ ከሁለት ዓመት በኋላ የሚወለደው ወንድሙም ያንኑ ስም ሊያገኝ ይችላል። ወንዶቹ ሁሉ ዮሐን ቢሆኑ አትደንግጡ። ዮሐን ጌዮርግ፣ ዮሐን ሚሻኤል፣ ዮሐን አዳም፤ የሚጠሩት በሁለተኛው ነው። ቩርተምበርግ ከሆነ ደግሞ ደስ ይበላችሁ፤ ከ1808 ጀምሮ አንድ ቤተሰብ በአንድ ገጽ የሚጠቃለልበት መዝገብ አለ፣ ከልጁ ስም ጎን ብዙ ጊዜ ቄሱ በትንሹ «ወደ አሜሪካ» ብሎ ጽፎበት ታገኛላችሁ።

ብዙ ሰው የሚቆመው የሠላሳ ዓመቱ ጦርነት ላይ ነው፣ ከ1618 እስከ 1648። መንደር ተቃጥሏል፣ መዝገብ አብሮ ነዷል፣ ባዶ የቀረው ፋልስ ላይ ከስዊዘርላንድ ሰው መጥቶ ሰፍሯል። ሌላው ግድግዳ ዛሬ ፖላንድ የሆነው የምሥራቁ ግዛት ነው። እዚህ ላይ አንድ መራራ ነገር አለ፦ ናዚዎች ሁሉም ሰው «አርያን» መሆኑን በወረቀት እንዲያስመሰክር ሲያስገድዱ፣ ሰዎች ከየደብሩ ግልባጭ አውጥተው የዘር ደብተር ሞሉ። ዓላማው ሰው ለመለየትና ለማሳደድ ነበር። ግን ዋናው መዝገብ በተቃጠለበት ቦታ ያ ደብተር ብቻውን የቀረ ማስረጃ የሚሆንበት ጊዜ አለ፣ አያት መሳቢያ ውስጥ ካለ አትጣሉት። የቅርቡን ዘመን በተመለከተ ሕጉ ይከለክላል፤ የልደት መዝገብ 110፣ የጋብቻ 80፣ የሞት 30 ዓመት ካልሞላው ለቅርብ ዘመድ ካልሆነ አይከፈትም።

የመጨረሻው ነገር፣ ስም የሚከተለው አንዱን መስመር ብቻ ነው። አሥር ትውልድ ወደ ኋላ ስትሄዱ በዚያ ትውልድ ብቻ 1,024 የአያት ቦታ አለ፤ ስማችሁ የሚነግራችሁ ስለ አንዱ ነው። ራዴጋስት ከምትባል የአንሃልት ከተማ የመጣውን ሠዓሊ ኤድዋርድ ዛንደርን ውሰዱ። በ1847 ኢትዮጵያ ገብቶ በደጃዝማች ውቤ፣ በኋላም በዐፄ ቴዎድሮስ ዘንድ አገልግሎ በ1868 ሞተ። ከኢትዮጵያዊት የወለዳት ልጁ ወለተ ኢየሱስ ለቴዎድሮስ መድፍ ከሚያፈሱት አንዱ የነበረውን፣ ከክራካው የመጣውን ሞሪትስ ሃልን አገባች። የእነሱ ልጅ ማግዳሌና ደግሞ ያፋ ውስጥ ከሩሲያ መኳንንት ኡስቲኖቭን አገባች፣ የልጅ ልጇም እንግሊዛዊው ተዋናይ ፒተር ኡስቲኖቭ ነው። ዛንደር የሚለው ስም በሁለት ትውልድ ውስጥ ሁለት ጊዜ ተቀብሯል። ፒተርን በስሙ ብቻ የሚከተል ሰው ሩሲያ ይደርሳል እንጂ ራዴጋስትም መቅደላም አይደርስም።